ክፍት ሆኖ ልጆቹን የሚጠብቅ ግቢ

ቦኖሻ በሀዲያ ዞን የሻሾጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ በርበሬና በቆሎ የሚበቅልበት ሞቃታማ ሜዳ ነው። ክረምቱ ሲበረታ የቢላቴ ወንዝ ይሞላና ማሳውን፣ መንገዱን፣ አንዳንዴም የሰው ቤት ያጥለቀልቃል። ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚኖሩባት በዚህች አገር የጎርፍ፣ የወባና የተቅማጥ ወሬ ለማንም እንግዳ አይደለም። በሽታ ሲመጣ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ግን ስለ ልጁ ነው፦ ነገ ትምህርት አለ ወይስ የለም?

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚጠበቅባቸው መካከል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አሉ። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ቡድን በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ወርዶ ከጣቢያዎቹ አንዱን በሆሳዕና አካባቢ ከተከለ ወዲህ፣ ፊደል መቁጠርና ወንጌል ማንበብ እዚህ አገር ተለያይተው አያውቁም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ ንባቡን የቀጠሉት የአገሩ ምእመናን ናቸው። ዛሬ በአካባቢው የቃለ ሕይወት፣ የመካነ ኢየሱስና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ የጸሎት አዳራሹ፣ የመማሪያ ክፍሎቹ፣ የውሃ ሮቶውና ጥላ የሚጥሉት ዛፎች በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። ወረርሽኝ ሲመጣ ይህ አሰፋፈር ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ፈተናው የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ ተገኘ። መጋቢት 7 ቀን መንግሥት ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ አዘዘ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አሥራ አምስቱ ቀን ወራት ሆነ። በመላ አገሪቱ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ቤቱ ዋለ።

ያኔ መዝጋቱ ተገቢ ነበር። ቫይረሱ አዲስ ነበር፤ መድኃኒትም ክትባትም አልነበረውም፤ መመርመሪያው ገና በጥቂት ቦታ ብቻ ነበር። ዝግነቱ ያስከፈለው ዋጋ ግን እያደር ታየ። በቴሌቪዥንና በቴሌግራም የተሰጠው ትምህርት ስልክና መብራት ላለው ልጅ ደረሰ፤ ሬዲዮ እንኳ በሌለበት የገጠር ቤት ደብተሩ ተዘግቶ ተቀመጠ። ሴት ልጅ ደግሞ ቤት ከዋለች ሥራው ወደ እሷ ይመጣል፦ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ታናናሾቿን መያዙ። ከከምባታ የተነሣችው የሴቶች መብት ተሟጋች ቦጋለች ገብሬ በልጅነቷ ውሃ ልቅዳ ብላ እየወጣች በድብቅ ትማር እንደነበር ተናግራለች። ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲዘጋ ግን እንዲህ ያለችው ልጅ ሹልክ ብላ የምትሄድበት ቦታ የላትም።

ገንዘቡም ሌላ ጭንቀት ነበር። የግል ትምህርት ቤት የመምህራንን ደመወዝ የሚከፍለው ከወላጅ ወርኃዊ ክፍያ ነው፤ በዝግነቱ ወራት ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ከመደበኛው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ ተወስኖ ነበር። ሀዲያና ከምባታ ላይ የተለየ ነገርም አለ። ከዚህ አካባቢ እጅግ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፤ የታናናሾቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ከሱቅ ገቢው እየላከ የሚሸፍነውም ጥቂት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ከመጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጥብቅ የእንቅስቃሴ ገደብ ስትጥል የዚያ ወጣት ገቢ ተነካ፤ ችግሩም ሆሳዕናና ዱራሜ ድረስ ተሰማ።

ትምህርት ቤቶች እንደገና የተከፈቱት በ2013 ዓ.ም. በደረጃ ነበር። በወጣው መርሐ ግብር መሠረት የገጠር ትምህርት ቤቶች ጥቅምት 9፣ የዞንና የክልል ከተሞች ጥቅምት 16፣ አዲስ አበባ ደግሞ ጥቅምት 30 እንዲጀምሩ ተባለ። ያለፈው ዓመት ትምህርት በ45 ቀን ማካካሻ እንዲሸፈን ተወሰነ። ማስክ ግዴታ ሆነ፤ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ ሥራው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ርእሰ መምህር ጠረጴዛ መጣ።

እስቲ ቁጥሩን በክፍል ውስጥ እንየው። 7 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ክፍል 56 ካሬ ሜትር ነው። በዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው 60 ልጆች ሲቀመጡበት ለአንድ ልጅ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይደርስም፤ በ25 ሲወሰን ግን ከሁለት ካሬ ሜትር በላይ ይደርሰዋል። የቀሩት 35 ልጆች የት ይሂዱ? ብዙው ትምህርት ቤት መልሱን በፈረቃ አገኘ፦ ከፊሉ ጠዋት፣ ከፊሉ ከሰዓት፣ ወይም ቀን እያፈራረቁ። ፈረቃ ልጆቹን ይለያያል፤ የትምህርቱን ሰዓት ግን በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እዚህ ላይ ሌላው የሌለው ነገር አለው። እሑድ መቶዎችን የሚይዘው አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ አብዛኛውን ሰዓት ባዶ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በርና መስኮቱ በግራና በቀኝ የሚከፈት ከሆነ ሁለት ክፍል ልጆችን አራርቆ ያስተናግዳል። ሰሌዳውን ተሸክሞ ዛፍ ሥር ማስተማርም ይቻላል፤ የቄስ ትምህርት ቤት ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በአሜሪካና በአውሮፓ የሳንባ ነቀርሳን የፈሩ ከተሞች ጣሪያ ብቻ ያላቸው ክፍት ክፍሎችን የሠሩትም ለዚሁ ነበር። እኛ የኅዳር በሽታ ብለን የምናስታውሰው ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲያጠቃ፣ በዚያው ሰሞን የኒውዮርክ ከተማ የጤና ኃላፊ ሮያል ኮፕላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ተማሪ ያለባቸውን ትምህርት ቤቶች ሳይዘጉ ቀሩ። ልጁ ከተጨናነቀ የኪራይ ቤት ይልቅ ንጹሕ አየር ባለበትና ሐኪም በየቀኑ በሚያየው ክፍል ይሻለዋል የሚል ነበር ምክንያታቸው።

መስኮት መክፈት ቀላል ይመስላል፤ የመከላከሉ ዋና ሥራ ግን እሱ ነው። ኮሮና በሳልና በማስነጠስ ብቻ ሳይሆን በንግግርና በትንፋሽም በሚወጡ ደቃቅ ጠብታዎች ይተላለፋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጠብታዎቹ አየር ላይ ይቆያሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው መዝሙር ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በስካጂት ሸለቆ፣ መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. 61 ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መዝሙር ተለማመዱ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ የጉንፋን ስሜት ነበረው። ከዚያ በኋላ ሌሎች 52 ሰዎች ታመሙ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ቀኑን በመዝሙርና በጸሎት ለሚጀምር ትምህርት ቤት ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። መዝሙሩ ግን መቅረት የለበትም። ወደ ሜዳ ይውጣ፤ ልጆቹ ይራራቁ፤ ድምፁ ዝቅ፣ ጊዜው አጠር ይበል። የመዘምራን ልምምድ በጠባብ ክፍል ውስጥ አይደረግ።

ቀጥሎ ውሃ አለ። 300 ተማሪ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሩብ ሊትር ተጠቅሞ ቢታጠብ 225 ሊትር ያስፈልጋል፤ ከ11 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ ሮቶው ማታውኑ መሞላት አለበት። ቧንቧ በሌለበት ደግሞ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን የእጅ መታጠቢያ ይሆናል። ጀሪካኑ በሁለት ባላ እንጨት ላይ በተጋደመ ዘንግ ይንጠለጠላል፤ አንገቱ አካባቢ በሚስማር ይበሳል፤ ከክዳኑ የተሳበ ገመድ ከታች ካለ እንጨት ጋር ይታሰራል። ልጁ እንጨቱን በእግሩ ሲረግጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፤ ውሃውም በቀጭኑ ይወርዳል። ሳሙናው በክር ከጎኑ ይሰቀላል። ማንም በእጁ የሚነካው ቧንቧ የለም፤ ውሃውም አይባክንም። መምህሩ ሃያ እስኪቆጥር ማሸት ይበቃል።

ለዴስክና ለበር እጀታ በረኪና አለ። 5 በመቶ ጥንካሬ ያለውን በረኪና አንድ እጅ ለ49 እጅ ውሃ መቀላቀል የሚፈለገውን 0.1 በመቶ ይሰጣል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፤ ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር ከቶ አይደባለቅም፤ ልጆችም አይነኩትም።

ማስክ ለትልልቆቹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናትን ማስክ እንዲያደርጉ አያስገድድም፤ ስለዚህ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ መጠበቂያው ትንሽ ቡድን ነው። ያው መምህርት፣ ያው ልጆች፣ ያው ክፍል ከሆነ አንዱ ቢታመም የሚለየው አንድ ቡድን ይሆናል፤ ግቢው በሙሉ አይዘጋም።

የታመመ ልጅ ቤቱ እንዲቆይ ማድረግ ከሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው። እናት ገበያ መሄድ አለባት፤ ልጁ ፈተና ያመልጠኛል ብሎ ይፈራል። የቀረ ልጅ የሚቀጣ ከሆነ ትኩሳቱን ደብቆ ይመጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በሕመም የቀረን ልጅ ነጥብ እንደማይቀንስበት፣ ፈተናውንም በኋላ እንደሚሰጠው አስቀድሞ መናገር አለበት። ጠዋት ስም ጠሪው መምህር ከአንድ ክፍል ሦስት አራት ልጆች አንድ ላይ መቅረታቸውን ካየ ስልክ ይደውላል፤ ወሬው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይደርሳል። ግቢ ውስጥ ትኩሳት ለያዘው ልጅ ወላጁ እስኪመጣ የሚያርፍበት መስኮቱ የተከፈተ ክፍል ይዘጋጃል። በሽተኛውን መጠየቅ የቤተ ክርስቲያን የቆየ ልማድ ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ ሽማግሌዎቹ በስልክ ይጠይቁ፣ ሲሄዱም ምግቡን ደጅ አስቀምጠው ይመለሱ። ልጁ ሲያገግም ማንም በበሽታው ስም እንዳይጠራው መከላከልም የመምህሩ ኃላፊነት ነው።

በሆሳዕና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የመሠረተችው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ስለ ማስክ ሌላ ነገር ያስተምራል። በምልክት ቋንቋ ፊት እንደ እጅ ሁሉ ይናገራል፤ ጥያቄው፣ ቁጣው፣ አሉታው ከቅንድብና ከከንፈር ይነበባል። ማስኩ ግማሹን ንግግር ይሸፍናል። ከፊት በኩል ግልጥ የሆነ ማስክ አንድ መፍትሔ ነው። ሌላው ደግሞ ከቋንቋው ከራሱ ይገኛል፤ ምልክት ድምፅ አያወጣም፣ ርቀትም አያግደውም። በሜዳ ላይ ሰፋ ባለ ክብ የተቀመጡ ልጆች መምህራቸውን ከብዙ ሜትር ርቀት በደንብ ያዩታል።

በኢትዮጵያ ኮሮና በምርመራ የተረጋገጡ ከ7,500 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን የጤና አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያነሣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ወረርሽኝ የሚመጣበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ የሚዘጋጁበት ወር ግን የታወቀ ነው። ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀመር የወላጆች ኮሚቴና የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አብረው ቢቀመጡ ክፍሎቹን በሜትር ለክተው፣ የማይከፈቱ መስኮቶችን አስጠግነው፣ የእያንዳንዱን ወላጅ ስልክ መዝግበው፣ ለአንድና ለሁለት ወር ደመወዝ የሚሆን መጠባበቂያ ጀምረው መስከረምን መቀበል ይችላሉ። በሻሾጎ ይህ ድካም ወረርሽኝ ባይመጣም ከንቱ አይቀርም፤ ቢላቴ ሞልቶ የመጠጥ ውሃ በተበከለ ቁጥር ያው ሮቶ፣ ያው ሳሙና፣ ያው የቀሪ መዝገብ ልጆቹን ከተቅማጥ ለመጠበቅ ያገለግላል።