ቢደርቅም አይነቀል

ሱፍ አበባ ቢጫው ረግፎ ራሱን ወደ መሬት ሲደፋ ብዙ ሰው ነቅሎ ይጥለዋል። ለወፎች ግን ማዕዱ የሚቀርበው ያን ጊዜ ነው። ለእነሱ ብሎ የዘራ ሰው ዋና ሥራው ተክሉ ከደረቀ በኋላ ታግሦ መተው ነው።

የሱፍ አበባ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ የዚያ ምድር ቀደምት ሕዝቦች ከ4000 ዓመት በፊት አልምተውታል። አንድ አበባ የሚመስለን ክቡ ራስ የብዙ መቶ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ንቦች ሲያራክቧቸው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ፍሬ ይቋጥራሉ፤ ትልቅ ራስ ከ1000 በላይ ሊይዝ ይችላል። ቅርፊተ ስሱ ጥቁር ዘር 40 በመቶ ገደማ ዘይት ነው፤ የደጋውን ብርዳም ሌሊት ማለፍ ላለባት ትንሽ ወፍ ትልቅ ስንቅ ነው።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ በክረምቱ መግቢያ መዝራት ይቻላል። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡ። ያልተቆላ ዘር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩ፤ በተክሎቹ መካከል ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ቁመቱ ሲረዝም ንፋስ እንዳይጥለው በእንጨት ይደግፉት። ፀረ ተባይ ግን አይርጩ። ድንቢጥን የመሳሰሉ ዘር በል ወፎች እንኳ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአመዛኙ በነፍሳት ነው፤ ትሉን ስንገድል የጫጩቶቹን ምግብ እናጠፋለን።

ከተዘራ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ የክቡ ራስ ጀርባ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ፍሬው ደርሷል ማለት ነው። ጠንካራ ምንቃር ያላቸው ወፎች ራሱ ላይ ተንጠልጥለው ቅርፊቱን እየፈለቀቁ ይበላሉ፤ እርግቦችና ዋኖሶች ደግሞ ከሥር የረገፈውን ይለቅማሉ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው፣ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነው ትንሹ አረንጓዴ በቀቀንም በአዲስ አበባ ዛፎች ላይ ይታያል፤ ከጓሮዎ ሊደርስ የሚችል እንግዳ ነው።

ግቢዎቻችን በሲሚንቶ በተሸፈኑ ቁጥር የሣሩና የአረሙ ዘር ለወፎች ይጠፋል። ጥቂት የሱፍ አበባ አገዳዎች ከወፎቹ የተወሰደውን በከፊል ይመልሳሉ። ለከርሞ ዘር አንዱን ጥሩ ራስ ፍሬው መብሰል ሲጀምር በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት። ሌላው ሁሉ የወፎቹ ድርሻ ነው።