ያውቁ ኖሯል? እንቁራሪቶች ወደ ሐይቃቸው ሲመለሱ ዕጣቸው በስሌት ይመረመራል
ከመኖሪያቸው የጠፉ እንቁራሪቶችን መልሶ የማስፈር ሥራ «የብዛት ሞዴል» በሚባል ስሌት ሊመራ ይችላል፤ ይህም እንቁላሉ፣ ባለጅራቱ የውኃ እጭ፣ ወጣቱና አዋቂው በየዓመቱ በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸውን ከሴቶቹ የመራባት መጠን ጋር አጣምሮ፣ ቁጥራቸው ወደፊት ይጨምር ወይም ይመናመን እንደሆነ የሚገምት የሒሳብ ቀመር ነው።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች የሚኖረው ቢጫ እግር እንቁራሪት፣ ዓሣ ባልነበረባቸው ሐይቆች ትራውት የተባለው ዓሣ በመጨመሩና ቆዳን የሚያጠቃው ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ በመዛመቱ፣ ከ90 በመቶ በላይ ከሚሆኑት የቀድሞ መኖሪያዎቹ ጠፍቷል። ጥቂት መንጋዎች ግን ከፈንገሱ ጋር እየኖሩ በማገገማቸው፣ ተመራማሪዎች ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእነዚሁ አዋቂዎችን እየወሰዱ በዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ወደሚገኙ ሌሎች ሐይቆች አዛወሩ። ከቆዳቸው ሥር በተቀበረ መለያ እየተለዩ ደጋግመው የተያዙት እንቁራሪቶች ስንቱ እንደተረፈ ያሳወቁ ሲሆን፣ በዚህ መረጃ ላይ የቆመውና በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው ሞዴል፣ አዋቂዎቹ በብዛት በሚተርፉባቸው ሐይቆች በ50 ዓመት ውስጥ የመጥፋት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን አመልክቷል።

በሌሎች እንቁራሪቶች ላይ የተሠሩ ሞዴሎችም፣ በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘንድ የመንጋውን ዕጣ ይበልጥ የሚወስነው የእንቁላሉ ብዛት ሳይሆን፣ ከእጭነት ወጥተው እግር ያበቀሉት በሕይወት መትረፋቸው እንደሆነ ያሳያሉ፤ ስለዚህ እንቁላል ብቻ ቆጥሮ የማስፈር ሥራው ተሳካ ማለት የችኮላ ፍርድ ነው።