የማይጨበጠው ገንዘብ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

መቀመጫውን ባሐማስ ያደረገው «ኤፍቲኤክስ» የተባለ የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2022 አሜሪካ ውስጥ የኪሣራ ማመልከቻ አስገባ። ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ማውጣት ካቃታቸው ቀናት ተቆጥረው ነበር። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ ክፍያ የተጀመረው በፌብሩዋሪ 2025 ነው። ክፍያው የተሰላው ግን በዕለቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ድርጅቱ በወደቀበት ቀን በነበረው ዋጋ ነው፤ ማለትም ለአንድ ቢትኮይን 16 ሺህ 800 ዶላር ገደማ። ይኸው አንድ ቢትኮይን በዲሴምበር 2024 ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በፍርድ ቤቱ ሒሳብ ደንበኛው ገንዘቡን ከነወለዱ አግኝቷል። በነጋዴ ሒሳብ ሲታይ ግን ከአምስት እጅ አራቱ የሚሆነው ቀልጦበታል።

አንድ ቢትኮይን ያስቀመጠ ሰው አንድ ቢትኮይን የማይመለስለት ለምንድን ነው? ደንበኛው መጀመሪያውኑ ቢትኮይን በእጁ አልነበረውም። የነበረው «ይህን ያህል ይከፈለኝ» የሚል መብት ብቻ ነው። ሳንቲሙ ያለው በድርጅቱ እጅ፣ ደንበኛው ደግሞ በገንዘብ ጠያቂዎች ሰልፍ ላይ ነበር። ከዚያ በፊትም ቶኪዮ ላይ ይሠራ የነበረው «ማውንት ጎክስ» በፌብሩዋሪ 2014 ሲዘጋ 850 ሺህ ቢትኮይን ጠፋ ተብሎ ነበር፤ 200 ሺህ ያህሉ በኋላ በአንድ አሮጌ ዋሌት ውስጥ ተገኘ። የዚያ ድርጅት ገንዘብ ጠያቂዎች የድርሻቸውን ሳንቲም መቀበል የጀመሩት ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2024 ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን ገልጾ፣ በክሪፕቶ ከረንሲ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅቱ ለቢትኮይን «ማይኒንግ» ኩባንያዎች ኃይል በውጭ ምንዛሪ መሸጡ ለአሽሙረኞች ወሬ ቢሆንም፣ ኃይል መሸጥና ሳንቲሙን መገበያያ ማድረግ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ የዋሌት አመራረጥ በቅድሚያ የሚመለከተው በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በዱባይ እየኖሩ በዚያው አገር ሕግ የያዙትን ነው። ዱባይ በ2022 ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁማለች። አገር ቤት ያለውም ቢሆን ውጭ ያለ ወንድሙ ወይም ሸሪኩ ምን እንደያዘና የያዘው ነገር በምን ሊጠፋ እንደሚችል ቢያውቅ አይከፋም።

ቁልፍ እንጂ ቦርሳ አይደለም

«ዋሌት» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የኪስ ቦርሳ ሲባል ገንዘቡ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስላል። የለም። ገንዘቡ የሚገኘው በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች እኩል በሚይዙት አንድ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ የሰው ስም አይጽፍም፤ የሚጽፈው አድራሻ ነው። አድራሻው እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው፤ ገንዘብ ለሚልክ ሰው ይሰጣል። ከአድራሻው ጀርባ ግን ምስጢራዊ ቁልፍ አለ፤ ይህም እጅግ ረጅም የሆነ ቁጥር ነው። ያን ቁጥር የያዘ ይፈርማል፣ የፈረመ ያዝዛል። መዝገቡ ፊርማውን እንጂ ፈራሚውን አይመረምርም፤ መታወቂያ፣ ውክልና፣ የፍርድ ቤት እግድ አያውቅም። ባንክ በስህተት የሄደን ገንዘብ ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ «አስመልሱልኝ» ማለት ይቻላል። እዚህ ግን የሚሄዱበት ቅርንጫፍ የለም።

ዋሌት ማለት እንግዲህ ይህን ቁልፍ የሚይዝ ነገር ነው። ገበያው ላይ ስሙና ቀለሙ ቢበዛም ልዩነቱ ሁለት ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ቁልፉ ኢንተርኔትን ይነካል ወይስ አይነካም?

የመጀመሪያው ዓይነት ቁልፉን መገበያያ ድርጅቱ የሚይዝበት ነው። ምቾቱ አይካድም፤ የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ማንነቱን አስመስክሮ አዲስ ይሰጠዋል፣ መግዛትና መሸጥም በደቂቃ ያልቃል። በየቀኑ ለሚነግድ ሰው ያለዚህ መሥራት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ የትኛውም ባለ ሱቅ የሳምንት ሽያጩን በመሳቢያ ትቶ አያድርም፤ በመሳቢያው የሚያድረው ለነገ መልስ የሚሆነው ነው። የኤፍቲኤክስ ደንበኞች ያደረጉት ጥሪታቸውን በሙሉ በሰው መሳቢያ መተው ነበር።

ሁለተኛው በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነፃ ፕሮግራም ነው። «ሜታማስክ» እና «ትረስት ዋሌት» የሚባሉት ከታወቁት መካከል ናቸው። ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ይገባል፤ ነገር ግን የተቀመጠው ከኢንተርኔት ጋር ቀን ከሌት በሚገናኝ መሣሪያ ላይ ነው። በኦገስት 2022 «ስሎፕ» የተባለው የስልክ ዋሌት የደንበኞቹን ምስጢራዊ ቃላት ሳይሸፍን ወደ አንድ የመረጃ ማጠራቀሚያ ይልክ እንደነበር ታወቀ። ይህ የታወቀው ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ዋሌቶች በአንድ ሌሊት ከተራቆቱ በኋላ ነው። ጥፋቱ የደንበኞቹ አልነበረም። አንድ ሰው በስልኩ ይዞ በከተማ ውስጥ የሚዞረውን ያህል ጥሬ ገንዘብ በዚህ ዓይነቱ ዋሌት ቢይዝ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ይከብዳል።

ሦስተኛው «ሃርድዌር ዋሌት» የሚባለው ነው። ፍላሽ ዲስክ የሚያህል መሣሪያ ሲሆን የመጀመሪያው የቼኮቹ «ትሬዞር» በ2014 ለገበያ ቀርቧል፤ የፈረንሳዩ «ሌጀር» ተፎካካሪው ነው። አሠራሩ ብልህ ነው። ኮምፒውተሩ የክፍያ ትዕዛዙን ወደ መሣሪያው ይልካል፣ መሣሪያው ውስጡ ይፈርማል፣ የሚወጣው ፊርማው ብቻ ነው። ቁልፉ ከውስጥ ንቅንቅ አይልም፤ ኮምፒውተሩ በቫይረስ ቢጠቃ እንኳ ሌባው የሚያገኘው የተፈረመ ወረቀት እንጂ ማኅተሙን አይደለም። ከመቶ ዶላር በታች የሚሸጥ አለ። የብዙ ሺህ ዶላር ሀብት ለያዘ ሰው ይህ ወጪ ከካዝና ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አገዛዙ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። መሣሪያው ከአምራቹ ወይም አምራቹ ከሚያውቀው ሻጭ ይገዛ። በሰው እጅ የዞረ ወይም ምስጢራዊ ቃላቱ አስቀድመው በካርድ ላይ ተጽፈው የመጡለት መሣሪያ ከገጠመ ወጥመድ ነው፤ ቃላቱን የጻፈው ሰው ገንዘቡ እስኪገባ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። የሌጀር ደንበኞች የስም፣ የስልክና የመኖሪያ አድራሻ ዝርዝር በ2020 ሾልኮ ወጥቶ 270 ሺህ ያህል ሰዎች ተነክተዋል። መሣሪያው አልተሰበረም። ነገር ግን አጭበርባሪዎች በዚያ አድራሻ ድርጅቱን መስለው ደብዳቤ፣ እንዲያውም የተቀየጠ መሣሪያ ጭምር በፖስታ እስከ መላክ ደርሰዋል።

አሥራ ሁለቱ ቃላት

የነገሩ ሁሉ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ዋሌት በተከፈተ ጊዜ 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት በተራ ይሰጣል። ቃላቱ የሚመረጡት በ2013 ከወጣ የ2 ሺህ 48 ቃላት ዝርዝር ነው። ስልኩ ቢሰበር፣ መሣሪያው ቢሰረቅ፣ አምራቹ ቢዘጋ እንኳ እነዚህን ቃላት በቅደም ተከተላቸው የያዘ ሰው በሌላ ዋሌት ላይ ጽፎ ገንዘቡን ያገኛል። ያው ሰው ሌባ ከሆነም እንዲሁ ያገኛል።

ዝርዝሩ በጃፓንኛ፣ በስፓንኛ፣ በፈረንሳይኛና በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎችም ተዘጋጅቷል፤ አማርኛ ግን የለበትም። ለማስታወስ እንዲመች ወደ አማርኛ ተርጉሞ መያዝ ለሚያምረው ሰው መጥፎ ዜና አለ። «ጆርኒ»፣ «ትራቭል»፣ «ትሪፕ» እና «ቮያጅ» አራቱም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ «ጉዞ» ብሎ የጻፈ ሰው ከዓመታት በኋላ የትኛው እንደነበር በምን ያውቃል? ቃላቱ እንዳሉ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቁጥር ተራቸው ይጻፉ። ዝርዝሩ የተሠራው የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደላት ከሌላው እንዲለዩ ተደርጎ ስለሆነ እነዚያ አራቱ በጥራት ከተነበቡ ይበቃሉ።

ቃላቱ በስልክ ፎቶ አይነሱም፤ ፎቶ ሳይታወቅ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይሄዳል። በኢሜይል፣ በቴሌግራም አይላኩም። ማንም ድርጅት፣ ማንም «የደንበኞች አገልግሎት ነኝ» ባይ እነዚህን ቃላት የሚጠይቅበት አንዳችም ምክንያት የለም፤ ከጠየቀ ሌባ ነው። ወረቀት ላይ ተጽፈው ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቤት ቢቀመጡ መልካም ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶ ሸማ ተራን ያቃጠለውን እሳት ያየ ነጋዴ ወረቀት ብቻ እንደማይበቃ አይጠፋውም፤ ቃላቱን በብረት ሳህን ላይ መቅረጽ የተለመደውም ለዚሁ ነው።

መጠንቀቅ ሲበዛም አደጋ ነው። በዌልስ ኒውፖርት ከተማ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ 8 ሺህ ያህል ቢትኮይን ያለበት ዲስክ በ2013 ከቆሻሻ ጋር ተጥሎበት፣ የከተማው ምክር ቤት ቆፍሮ እንዲያወጣ አልፈቀደለትም። ክሱን ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 ውድቅ አደረገው። ሌባ አልደረሰበትም፤ ቅጂ ብቻ ነው ያጣው።

ምቾቱስ?

ቴዘር፣ በገበያው ስም «ዩኤስዲቲ»፣ በዶላር የሚለካ በመሆኑ ነጋዴ ይወደዋል። ነገር ግን በብዙ ኔትወርኮች ላይ ይዘዋወራል። በትሮን ላይ ያለው አድራሻ በእንግሊዝኛው «ቲ» ፊደል ይጀምራል፤ በኢቴሪየም ላይ ያለው በዜሮና በ«ኤክስ» ይጀምራል። ዋሌቱ ሻጭና ገዢ የሚጠቀሙበትን ኔትወርክ መቀበሉ ሳይታይ መምረጥ ዕቃውን ሳይለኩ መኪና እንደ መከራየት ነው። በተለመደው አሠራር የማስተላለፊያው ክፍያ የሚከፈለውም በዩኤስዲቲ ሳይሆን በኔትወርኩ የራሱ ሳንቲም ነው። አሥር ሺህ ዩኤስዲቲ ይዞ አንዲት የትሮን ሳንቲም የሌለው ሰው ገንዘቡን እያየ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ሌላም አለ፤ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ቢሆንም አውጪው ድርጅት ቴዘር በአንድ አድራሻ ላይ ያለን ዩኤስዲቲ ማገድ ይችላል፤ አድርጎትም ያውቃል። ቢትኮይንን እንዲህ የሚያግድ አካል የለም።

አድራሻ የሚገለብጥ ሰው የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላትን ብቻ አይቶ እንዳይረካ ይመከራል። አጭበርባሪዎች ጫፍና ጫፉ የሚመሳሰል አድራሻ ሠርተው ጥቂት ሳንቲም በመላክ በተጠቃሚው የሒሳብ ታሪክ ውስጥ ይገባሉ፤ ተጠቃሚው በኋላ ከታሪኩ ሲገለብጥ የእነሱን ያነሳል። በሜይ 2024 አንድ ባለሀብት በዚህ ዘዴ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ልኳል። ተደራድሮ አብዛኛው ተመልሶለታል፤ ይህ ግን ዕድል እንጂ ሕግ አይደለም።

በሽርክና ለሚሠሩ ሰዎች «መልቲሲግ» የሚባል አሠራር አለ። ነገሩ ለማንም የኩባንያ ባለድርሻ አዲስ አይደለም፤ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ማለት ነው። ከሦስት ቁልፍ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም፤ አንዱ ቢጠፋም ሀብቱ አይጠፋም። ይሁንና ፈራሚ የሚፈርምበትን ካላነበበ ጣምራ ፊርማም አያድንም። «ባይቢት» የተባለው መገበያያ በፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ኢቴሪየም የተዘረፈው ከኢንተርኔት ርቆ ከተያዘ፣ ብዙ ፊርማ ከሚጠይቅ ዋሌቱ ነው። ፈራሚዎቹ በኮምፒውተራቸው ላይ ያዩት ትክክለኛ የሚመስል ትዕዛዝ ነበር፤ የፈረሙት ግን ሌላ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ዝርፊያውን የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ሥራ ነው ብሏል። ስለዚህ መሣሪያ ሲገዛ የሚላከውን መጠንና አድራሻ በራሱ መስኮት ላይ ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ መሆኑ ይታይ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ካልተስማማ የሚታመነው መሣሪያው ነው።

የውርስ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባለቤቱ ድንገት ቢሞት ሚስቱ ወይም ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ይዘው የሚሄዱበት መሥሪያ ቤት የለም። ቃላቱን ለአንድ ሰው መስጠት ገንዘቡን መስጠት ስለሆነ፣ ቃላቱ የት እንዳሉ የሚጠቁም የታሸገ ደብዳቤ ከኑዛዜ ጋር ማኖር ከሁለቱ ጽንፍ ይሻላል።

ምርጫው ካለቀ በኋላ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መጫን አያስፈልግም። በአምስት ወይም በአሥር ዶላር ይሞከራል፤ ከዚያ ዋሌቱ ሆን ተብሎ ከመሣሪያው ይጠፋና በተጻፉት ቃላት እንደገና ይከፈታል። አሥሩ ዶላር ተመልሶ ከታየ ቃላቱ በትክክል ተጽፈዋል ማለት ነው፤ ቀሪው ያን ጊዜ ይላካል።