ሁለተኛው ጠርሙስ፦ የወልቂጤና የቡታጅራ ንግድ ባለፉት ስድሳ ዓመታት

የትውልድ አገር ፍቅር ለንግድ መነሻ ገንዘብ ያዋጣል፤ ደንበኛ ግን አያቆይም። ከወልቂጤና ከቡታጅራ የተነሱትን፣ ወይም ለእነዚህ ከተሞች ታስበው የተቋቋሙትን የንግድ ሥራዎች ወደ ኋላ መለስ ብሎ ላየ ሰው ይህ ደጋግሞ ይታየዋል። ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹ ይሞላል፤ መዋጮ ይዋጣል፤ አክሲዮን ይሸጣል። ፈተናው የሚጀምረው ዕቃው ገበያ ከወጣ በኋላ፣ ገዢው ለሁለተኛ ጊዜ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ነው። ዛሬ ስታርትአፕ ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ መነሻ ካፒታል ነው። የአካባቢው ታሪክ ግን ከካፒታሉ ይልቅ ስለ ገዢው የሚነግረን ይበዛል።

መርካቶ ሠርቶ አገር ቤት ማልማት

የጉራጌ ነጋዴ ስሙ የገነነው ከአገሩ ርቆ ነው። የእንሰቱ አገር መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ በመሆኑ ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሲቆረቆር ለዚህ ወጣት ሰፊ በር ተከፈተለት። ከሊስትሮ ሳጥን፣ ከጀብሎና ከሱቅ በደረቴ ተነስቶ በረንዳ፣ ከበረንዳ ሱቅ፣ ከሱቅ መጋዘን መድረስ የብዙዎች የሕይወት ታሪክ ሆነ።

ይህን መሰላል ያቆመው ባንክ ሳይሆን እቁብ ነው። ባንክ ቤትና መሬት በዋስትና ሲጠይቅ፣ እቁብ የሚጠይቀው ሰውየውን የሚያውቅና የሚዋስ ሰው ነበር። ዕጣ የወጣለት ዋሱን ጠርቶ ብሩን ይቀበላል፤ ክፍያ ቢያስተጓጉል የሚያፍረው እሱ ብቻ ሳይሆን የዋሰውም ነው። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ቀኑም አይዛነፍም። ገንዘቡ የሚገኘው በእምነት ስለሆነ የነጋዴው ትልቁ ሀብት ስሙ ነበር።

ስሙን በአዲስ አበባ ያቆመው ነጋዴ በ1950ዎቹ ፊቱን ወደ አገር ቤት መለሰ። አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ተደራጅተው ለመንገድ ሥራ ገንዘብ አዋጡ። ነጋዴውም፣ የቀን ሠራተኛውም እንደ አቅሙ ከፈለ። ያ ሥራ የተሳካበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል። ገንዘብ ያዋጣውና በመንገዱ የሚጠቀመው አንድ ሰው ነበር፤ መስቀል ሲደርስ ወይም ወላጅ ሲታመም አገሩ የሚገባው በዚያው መንገድ ነው። ተወዳዳሪም አልነበረውም፤ ሌላ መንገድ ይሻለኛል የሚል ደንበኛ የለም። ስለዚህ ዓላማውና ጥቅሙ አልተለያዩም። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ የጋራ ሥራዎች ይህን ስኬት እንደ አርአያ ወሰዱት፤ ሁለቱ ሁኔታዎች አብረዋቸው አለመኖራቸውን ግን ያስተዋለ ጥቂት ነው።

የደርግ ዘመን መሰላሉን ከመሃል ቆረጠው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ንግድን ካፒታል ገደበ፦ ለችርቻሮ 200 ሺህ ብር፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ፤ ለአንድ ሰውም ከአንድ ንግድ ፈቃድ በላይ አይፈቀድም። መትረፍ የፈለገ ነጋዴ ትንሽ መስሎ መታየትን፣ መዝገብ አለመያዝን፣ ሁሉንም በልቡ ማስላትን ለመደ። ገደቡ ከተነሳ በኋላም ልማዱ ቶሎ አልለቀቀም። ዛሬም ብድር ሲጠየቅ የሂሳብ መዝገብ የሚቸግረው፣ ሥራው ግን ደህና የሚሄድለት የከተሞቹ ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

ተራራው በጠርሙስ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በ2000ዎቹ ዓመታት የአክሲዮን ሽያጭ መፈክር መስሎ ነበር። ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ፋብሪካውም በአክሲዮን ሆነ። ከሁሉም የሞቀው የቢራው ገበያ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ለሜታ አቦ 225 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ዋልያ፣ ራያና ሐበሻ ተከታትለው ገበያ ገቡ። የከተሜው ገቢ እያደገ፣ ከጠላና ከጠጅ ወደ ቢራ የሚያልፈው ጠጪ እየበዛ ስለነበር ስሌቱ በወረቀት ላይ ስህተት አልነበረበትም።

የጉራጌ ዞን ድርሻ ዘቢዳር ቢራ ነው። ጀማር ሁለገብ ኢንዱስትሪ አክሲዮን ማኅበር ከቤልጂየሙ ዩኒብራ ጋር ተሻርኮ በወልቂጤ አቅራቢያ፣ ጉብርዬ ላይ ፋብሪካውን ተከለ። ስሙን የወሰደው ከጉራጌ ተራሮች ከፍተኛው ከዘቢዳር ነው። በ2009 ዓ.ም. ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር የአካባቢው ሰው በኩራት ጠጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የዩኒብራ ድርሻ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት ወደሆነው ቢጂአይ ኢትዮጵያ ተላለፈ።

የቢራ ገበያ ለአዲስ ገቢ ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት አንድ ትንሽ ግሮሰሪ ማየት ይበቃል። ባለቤቷ ያላት ፍሪጅ አንድ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ቢራ የራሱ ጠርሙስና የራሱ ካሳ አለው፤ ለባዶውም ማስያዣ ይከፈላል። አዲስ ቢራ ለመያዝ ስትወስን ፍሪጁ ውስጥ ቦታ ታስለቅቃለች፤ ብር ደግሞ በባዶ ጠርሙስ ላይ ታስራለች። የአገሯ ልጅ ስለሆነ አንድ ካሳ ትወስዳለች። ካሳው በሳምንት ካላለቀ ግን የሚቀጥለውን ሳምንት የምትወስደው በየቀኑ የሚጠየቀውን ነው። የአክሲዮኑ ባለቤት ራሱ ሠርግ ቤት ሲገባ ከኩራት ይልቅ የለመደውን ጣዕም ያዝዛል። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስሙ ይሸጠዋል፤ ሁለተኛውን የሚሸጡት ጣዕሙ፣ ዋጋውና በሰዓቱ መድረሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ለትልልቆቹም አልራራም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ። በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ዲያጆ ራሱ ሜታን ለካስቴል ሸጦ ወጣ፤ ካስቴል የቢጂአይ ባለቤት ነው። የዓለም ግዙፍ ኩባንያ በአሥር ዓመት ውስጥ ትቶት የሄደውን ገበያ የአንድ አካባቢ ተወላጆች በቀላሉ ባይቆጣጠሩት ሊያስገርም አይገባም።

ዛላውና ዱቄቱ

ቡታጅራ ሌላ ታሪክ አላት። ከተማዋ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ስሟ የሚነሳው ግን ከዞን በፊት በበርበሬ ነው። በአቅራቢያዋ የሚገኘው የማረቆ በርበሬ በቀለሙና በማቃጠሉ የታወቀ ነው፤ ከተሻሻሉት ዝርያዎች አንዱም ማረቆ ፋና ይባላል። ምርቱ ሲደርስ ዛላ ገዢው ጆንያ ያስፈታል። ከላይ ያለውን አያምንም፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ ከሥር ያወጣል። ዛላውን ጆሮው ሥር ያንሿሿል፤ በደንብ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ይንኳኳል። ጎንበስ ብሎ ያሸታል፤ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ተርከፍክፎበት ከሆነ ሽታው ያሳብቃል። ሰብሮም ውስጡን ያያል፤ ሻጋታ ካለ ዋጋው እዚያው ይወድቃል።

ይህ ዕውቀት ለብዙ አሥርት ዓመታት በጅምላ ገዢውና በየቤቱ እናቶች እጅ ነበር። እናት ዛላ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ ቅመሙን መጥና አዘጋጅታ ታስፈጭ ነበር። አሁን የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሴት ለዚያ ጊዜ የላትም፤ ኮንዶሚኒየምም ማስጫ ግቢ የለውም። ገዢው ወደ ባልትና ዱቄት ዞረ። ዱቄት ደግሞ አይንሿሿም፤ አይሰበርም። ባዕድ ነገር ይቀላቀልበታል የሚለው ወሬ በየጊዜው በሚሰማበት ገበያ፣ ገዢው ድሮ በእጁ ያረጋግጥ የነበረውን አሁን የሚያምነው በማሸጊያው ላይ ባለው ስም ነው።

እዚህ ላይ ለቡታጅራ ጀማሪዎች ትልቅ ዕድል አለ፤ የተያዘው ግን በከፊል ነው። በርበሬው ጥሬውን ተጭኖ ይሄዳል፤ ትርፉ የሚቀረው ፈጭቶ፣ አሽጎና ስም ሰጥቶ ለሚሸጠው ነው። ለውጭ አገር ገበያ ሲሆን ደግሞ የአፍላቶክሲን ምርመራ አለ፤ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ ይህን በቀላሉ አያልፍም። ብዙዎች ገንዘባቸውን ለማሸጊያ ማሽን ያወጣሉ፤ የሚበጀው ግን ከመሬት ከፍ ያለ ማድረቂያ መሥራትና ከገበሬው ጋር የጥራት ውል መግባት ነበር። ጥራት የሚገኘው ከማሳው ነውና ማሽኑ ያልነበረውን አይጨምርም።

የቆጮም ነገር ከዚህ አይርቅም። ክትፎ በአዲስ አበባ የድግስና የግብዣ ምግብ ሆኖ ቆጮን አስከትሎ አወጣው። ገዢው ግን ተለወጠ፤ ስስ ሆኖ የተጋገረ፣ ቃጫው በደንብ የተለየለት፣ ሽታው ያልጠነከረ ይፈልጋል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ አቅራቢው የዛሬውን ፍላጎት የሚመልሰው ከዓመታት በፊት በተተከለ ተክል ነው። በዚህ ላይ የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለ፤ ጫትና ባሕር ዛፍም ቶሎ ብር ስለሚያመጡ የእንሰቱን ቦታ እየተሻሙ ነው።

ደንበኛው አገር ቤት ሲገኝ

ቀድሞ የሁለቱ ከተሞች ገበያ የሚደምቀው በበዓል ነበር። የመስቀል ሰሞን ነጋዴው ከያለበት ተጠራርቶ ይገባል፤ ለአረፋ ደግሞ የሙስሊሙ ወገን ይመጣል። ሰንጋው፣ ቅቤው፣ ልብሱ በጥቂት ቀናት ይሸጥና ከተማው ጭር ይላል። በዚህ ግርግር ላይ ተመሥርተው የተከፈቱ ሆቴሎችና ሱቆች ኅዳር ላይ ተከራይና ተመጋቢ ያጣሉ።

ዛሬ የዓመቱን ሙሉ ገበያ የያዙት ሌሎች ናቸው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ በከተማዋና በጉብርዬ ይኖራል። ይህ ደንበኛ የማንም ዘመድ አይደለም፤ የባለሱቁን አባት አያውቅም፤ ዋጋ ያወዳድራል፣ በስልክ ይከፍላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት ቢሆነውም፣ የእቁብ ክፍያ ሳይቀር በስልክ መላክ ተለምዷል። ለተማሪ የሚሆን ፎቶ ኮፒ፣ ርካሽ ምግብ፣ የልብስ እጥበትና የስልክ ጥገና ብዙ ጭብጨባ አያገኙም፤ ደንበኛቸው ግን በየቀኑ ይመለሳል።

በዕቅድ ላይ የማይጻፍ መሰናክልም አለ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ የተነሳው ግጭት፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በመስቃንና በማረቆ የደረሰው፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከክልል ጥያቄ ጋር ተያይዞ የተደረገው ከቤት ያለመውጣት አድማ ሱቅ ዘግተዋል፤ መንገድም አስረዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ ዕቃ የሚያመጣ ሁሉ ዋጋውን ደግሞ ማስላት ነበረበት። በአንድ ዕቃና በአንድ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ለዚህ ሁሉ ተጋላጭ ነው። ከገበሬው በብር ገዝቶ፣ እሴት ጨምሮ የሚሸጥ ግን በምንዛሪው ለውጥ የተሻለ ቆሟል።

ዓላማ ከንግድ ይውጣ ማለቴ አይደለም። መንገዱን የሠራው ዓላማ ነው፤ ከኪሳራ በኋላ ሰውን እንደገና የሚያስነሳውም እሱ ነው። ነገር ግን ቦታው ከገንዘብ ማሰባሰቢያው መድረክ ወደ ሥራው መውረድ አለበት። አገሩን ለመጥቀም በርበሬ የሚነግድ ሰው ዓላማው የሚለካው ለማረቆ ገበሬ በሚከፍለው የጥራት ዋጋና በማሸጊያው ውስጥ ባለው ንጽሕና ነው። ለአዲስ ጀማሪ የምመክረውም ይህን ነው፦ አክሲዮን ከመሸጥህ በፊት ዕቃህን በትንሹ አውጣና ጉራጌ ላልሆነ፣ አንተንም ለማያውቅ ሰው ሽጥለት። ያ ሰው ሳትጠራው ተመልሶ ከገዛ ያኔ የወገንህን ገንዘብ ለመጠየቅ መብት አለህ። ካልተመለሰ ግን የዘመድ መዋጮ የሚያደርግልህ ነገር ቢኖር ኪሳራውን ለብዙ ሰው ማካፈል ብቻ ነው።