ሐሰተኛ ራስ ያላት የአተር ቢራቢሮ

በኢትዮጵያ አተር፣ ባቄላና ግብጦ በሚበቅልበት አካባቢ ዝቅ ብለው ከሚበሩት ትንንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች አንዷ፣ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1767 ለሳይንስ ያስተዋወቃትና ዛሬ ላምፒደስ ቦኤቲከስ በሚል ሳይንሳዊ ስም የምትጠራው ናት፤ ክንፎቿ ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለኩ ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናሉ።

ይህችን ቢራቢሮ በክንፏ የላይኛው ገጽ ብቻ ለመለየት መሞከር ያሳስታል፤ የወንዱ ሐምራዊ የነካው ሰማያዊ ቀለም ብርሃንን ከሚያንጸባርቁ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሠራር የሚመነጭ በመሆኑ እንደ ብርሃኑ አቅጣጫ ይለዋወጣል፤ ሴቷ ደግሞ በአመዛኙ ቡናማ ናት። አስተማማኙ ምልክት የሚገኘው ክንፏን ገጥማ ስታርፍ በሚታየው የታችኛው ገጽ ሲሆን፣ በዚያ ፈዛዛ ቡናማ መደብ ላይ ከተጋደሙት ሞገዳማ ነጫጭ መስመሮች መካከል በኋላ ክንፏ ጠርዝ አጠገብ ያለው ከሌሎቹ ሁሉ ሰፍቶ ይታያል። ሌፕቶተስ በሚባለው ወገን የሚመደቡት፣ እንደ እርሷ ጭራ ያላቸው ዘመዶቿ ይህ ሰፊ ነጭ መቀነት የላቸውም።

ከመቀነቱ ባሻገር፣ በእያንዳንዱ የኋላ ክንፍ ጥግ፣ ብርቱካናማ ቀለም ያጀባቸው ሁለት ጥቋቁር ነጠብጣቦችና እንደ ክር የቀጠነ ጭራ ይገኛሉ። ነጠብጣቦቹ ዓይን፣ ጭራዎቹም አንቴና፣ ማለትም በነፍሳት ራስ ላይ የሚገኙትን የመዳሰሻና የማሽተቻ ዘንጎች፣ ይመስላሉ፤ ቢራቢሮዋ አርፋ የኋላ ክንፎቿን እርስ በርስ ስታፋትግ ደግሞ ጭራዎቹ ሕይወት እንዳለው አንቴና ይንቀሳቀሳሉ። ተመራማሪዎች ይህን ሐሰተኛ ራስ ይሉታል፤ ወፍ ወይም እንሽላሊት እውነተኛው ራስ መስሎት የክንፉን ጥግ ቢነክስ፣ ቢራቢሮዋ ቁራጭ ክንፍ ትታ ታመልጣለችና። ጭራቸውና ነጠብጣባቸው ተገምጦ ሳለ ያለ ችግር የሚበሩ ቢራቢሮዎች መታየታቸው ይህን ማብራሪያ ያጠናክረዋል፤ ቅርጽ፣ ቀለምና ጠባይ በዚህች ትንሽ ፍጡር ላይ ለአንድ ተግባር እንዲህ መተባበራቸውም እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ሴቷ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ በአበባ እምቡጥ ላይ ስለምትጥልና የሚፈለፈለው እጭ እምቡጡን ሰርስሮ ለጋውን ፍሬ ስለሚበላ፣ በብዙ አገሮች የጥራጥሬ ተባይ ሆና ትቆጠራለች። እጩ በጀርባው ካለ እጢ ጣፋጭ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ይህን የሚልሱት ጉንዳኖችም ሰውነቱ ውስጥ እንቁላል ሊጥሉ የሚመጡትን ጥገኛ ተርቦች ያባርሩለታል። ሆኖም ጉንዳን በሌለበትም ማደግ ይችላል፤ በዚህ ላይ የሚመገባቸው ዕፅዋት ብዙ ዓይነት በመሆናቸውና ጎልማሳዋ ቢራቢሮ ረጅም ርቀት መብረር በመቻሏ፣ ዝርያዋ ከአፍሪካ ሌላ በደቡብ አውሮፓ፣ በእስያና በአውስትራሊያ ጭምር ይኖራል።