«አሁን ደህና ነው?»

ሰኔ ሲገባ ሥራ ይበዛብኛል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከሐይቁ ማዶ ይጠቁራል፣ ነፋሱ የታቦር ተራራን አቧራ ይዞ ወደ ከተማው ይወርዳል፣ ነጎድጓዱ ገና ሳይቀርብ መብራት ይሄዳል። ሐዋሳ ላይ ይህ ጊዜ ብዙ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ የሚሯሯጥበትም ነው። ስለዚህ ኃይለኛ ዝናብ ባደረ ቁጥር፣ በማግስቱ ጠዋት ፒያሳ አካባቢ ካለችው የጥገና ቤቴ በር ላይ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ያቀፈ ሰው አላጣም።

ባለፈው ሰኔ አንዲት ተማሪ እንዲሁ መጣች። ዓይኗ እንቅልፍ አላየም። «ጋሼ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፖሉ ከልክ በላይ ቦግ አለ። ወዲያው ኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለና የተቃጠለ ሸተተኝ። ከዚያ ወዲህ አይነሳም» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ «ጽሑፌ ይኖራል?» ስትል ጠየቀች።

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። የዕቃው ዋጋ የሚነሳው ኋላ ነው።

እኔም በተራዬ ጠየቅኋት፤ «ከዚያ በኋላ ለማብራት ሞክረሻል?» አቀረቀረች። ሦስት ጊዜ ሞክራለች፤ አንዴ በራሷ ሶኬት፣ ሁለቴ ደግሞ ጎረቤት ወስዳ። አልተቆጣኋትም። የጨነቀው ሰው እጁ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? የሆነውን ሳትሸሽግ ስለነገረችኝ የምፈልግበትን ቦታ አወቅሁ።

«አምፖሉ ቦግ አለ» የሚለው ቃል ለእኔ ትልቅ ምልክት ነው። በቅርብ የወደቀ መብረቅ የሚያመጣው ግፊት ዓይን ሳያየው ያልፋል። አምፖሉ ለሰከንዶች ደምቆ ከቆየ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የኒውትራል ሽቦ መላላት ወይም መበጠስ ነው። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የሚያልፉት ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ናቸው። በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት አለ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት ገደማ ነው። ኒውትራሉ ሲበጠስ፣ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ሳያውቁት ያንን 380 ቮልት ይካፈሉታል። ክፍፍሉም እኩል አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የጣደው ቤት መብራቱ ይፈዛል፤ አንድ አምፖልና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያበራው ቤት ድርሻው ከ300 ቮልት ሊያልፍ ይችላል። ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምትጽፍ ተማሪ ክፍል ማለት ይህ ሁለተኛው ቤት ነው።

ከግድግዳው የመጣው ኃይል ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለወጣል። 220 ቮልት ሲለወጥ 311 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ 380 ከሆነ ደግሞ 537 ይደርሳል። ይህን ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተር የተሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 400 ወይም 450 ቮልት እንዲችል ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ዘበኞች ይቆማሉ፤ ፊውዝና ቫሪስተር። ቫሪስተር ሳንቲም የምታክል ክብ ዕቃ ናት። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ጅረቱን ወደ ራሷ ትስብና ፊውዙን ታስቆርጣለች። ጧ ብላ የምትሰነጠቀውም፣ የምትሸተውም ብዙ ጊዜ እሷ ናት። እሷ ተቃጥላ ከኋላዋ ያለው ይተርፋል። ላፕቶፕ ላይም እንደዚሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቻርጀሩ ሞቶ ላፕቶፑ ይድናል። ሽታና ጭስ ያስደነገጠው ሰው ብዙ ጊዜ ከፈራው ያነሰ ጉዳት የሚያገኘው ለዚህ ነው።

የልጅቷን ፓወር ሰፕላይ ስከፍት ቫሪስተሯ ተሰንጥቃ ጠቁራለች፤ ፊውዙም ተቆርጧል። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ባስገባም ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ሃርድ ዲስኩን ስነቅለው ተነሳ። ልጅቷ የፈራችው ነገር ደረሰ ብላ ፊቷን ሸፈነች።

ቴስተሩን ሃርድ ዲስኩ ሰሌዳ ላይ ሳሳርፍ ግን ተስፋ አየሁ። ብዙ ሃርድ ዲስኮች ከ5ና ከ12 ቮልት መግቢያቸው አጠገብ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ መከላከያ ዳዮድ አላቸው። ያልተለመደ ቮልቴጅ ሲመጣ ሾርት ታደርግና ዲስኩን የሞተ ታስመስለዋለች። የ12 ቮልቷ ተቃጥላ ነበር። በጥንቃቄ አንስቼ ዲስኩን ሳገናኘው መዞር ጀመረ። ያለ ጠባቂ የቀረ ዲስክ ነውና ቀድመን ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጥን። ጽሑፉ ከነሠንጠረዡ ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። አንዳንዴ ፊውዙ ሳይቆረጥ ይቀርና በተጎዳ ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱን ወደ ማዘርቦርድና ወደ ዲስክ ይገፋዋል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ከሸተታችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሌላ ሶኬት ላይ ለመሞከር አትቸኩሉ። የአንዱ ቤት አምፖል ደምቆ የሌላው ከፈዘዘ ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ ለጎረቤትም ንገሩ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውላችሁ አሳውቁ፤ ሽቦ አትንኩ። ፓወር ሰፕላይ ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ ይቆያል። መብራት ሲሄድ ዕቃችሁን ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ አብሩ። ስታቢላይዘር ቀስ እያለ ለሚወጣና ለሚወርድ ቮልቴጅ ይረዳል፤ ድንገተኛውን ግፊት ለመያዝ ግን አይደርስበትም። ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥና ቆይቶ የሚመልስ መከላከያ ገዝቶ ማስገባት ዋጋው ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ጥገና ጋር ሲተያይ የሚያስቆጭ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ከጥገናው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ «አሁን ደህና ነው?»

ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት ለዚህ ጥያቄ መልሴ ፈጣን ነበር። የእድራቸው ጸሐፊ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ኮምፒውተራቸው ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት አመጡልኝ። ሳበራው ተነሳ። አንድ ሰዓት አሠራሁት፤ ምንም የለውም። «ደህና ነው ጋሼ፣ ይውሰዱት» አልኳቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። በዚያ ቀን የተጎዳው ፓወር ሰፕላይ ቀስ በቀስ ደክሞ በመጨረሻ ዲስኩን ይዞት ሄዶ ነበር። የሦስት ዓመት የመዋጮ መዝገብ ላወጣው አልቻልኩም። እሳቸው አልተቆጡም። «የአንተን ቃል አምኜ ነው ያልገለበጥኩት» ብቻ አሉኝ። ከዚያ የየአባሉን ደረሰኝ ቤት ለቤት ዞረው ሰብስበው መዝገቡን በእጃቸው እንደገና ጻፉት።

ያ ቃል እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። ቫሪስተር በእያንዳንዱ ግፊት ትንሽ ትንሽ ትደክማለች። የተጨነቀ ካፓሲተር ለሳምንታት ሠርቶ ኋላ ሊያብጥ ይችላል። እኔ ዛሬ የምለካው ዛሬን ነው። ለተጨነቀ ሰው «ምንም አይልህም» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ግን ጥንቃቄውን አስጥሎት ይሄዳል። ስጋቱን ማቅለል የሚቻለው ዕቃው ቢሞት የማይሞት ቅጂ በማስያዝ ነው። ቅጂውም ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ የሚውል ከሆነ በአንድ ግፊት አብሮ ይሄዳል። አንዱ ፍላሽ ላይ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከቤት ውጭ፣ በኢሜይል ወይም ቴሌግራም ላይ ለራስ ተልኮ።

ልጅቷም ስትወጣ ያንኑ ጠየቀችኝ። «ጽሑፍሽ ደህና ነው» አልኳት። «ኮምፒውተሩ ዛሬ ይሠራል፤ አዲስ ዲስክም ገብቶለታል። ስለ ነገ ግን ቃል አልሰጥሽም።» ፊቷ ላይ ቅሬታ አየሁ። እሷ መስማት የፈለገችው ሌላውን መልስ ነበር። ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ተመለሰች። ስልኳን አውጥታ ፋይሉን ለራሷ መላክ ጀመረች። ኔትወርኩ ዘገምተኛ ነበር። ልኮ እስኪጨርስ ድረስ ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን ጠበቅን።