የሚግ-21 ሞዴል በጎማዎቹ እንዲቆም አፍንጫው ክብደት ይሻል

በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ሚግ-21 ተዋጊ ጄት በ1 ለ48 መጠን በፕላስቲክ ሞዴልነት ሲገጣጠም ርዝመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በ1 ለ72 ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

በእውነተኛው ጄት ሾጣጣ አፍንጫ ውስጥ ራዳር ይገኛል። የሞዴሉ አፍንጫ ግን ባዶ በመሆኑ ክብደቱ ወደ ኋላ አጋድሎ በጅራቱ ይቀመጣል። ስለዚህም የአካሉ ሁለት ግማሾች ከመጣበቃቸው አስቀድሞ በአፍንጫው ውስጥ የብረት ቅንጣቶች ይጨመራሉ። ልምድ ያላቸው ገጣጣሚዎች ክፍሎቹን በፕላስተር ለጊዜው አያይዘው፣ በክንፉ ሥር የጎማዎቹን ቦታ በጣት ደግፈው ሚዛኑን ይፈትሻሉ።

ማጣበቂያው የፕላስቲኩን ገጽ አሟሙቶ ስለሚያዋህድ፣ ይህን የዘነጋ ሰው የተጠናቀቀ ሥራውን ካልሰበረ በቀር ስህተቱን ለማረም ይቸገራል። ጅራቱን በቀጭን ዘንግ መደገፍ ይቻላል፤ ለዐይን ግን አያምርም።